ገንዘባችሁ የት ያድራል? ወደ ወሎ ለሚጓዝ ቡድን የዝግጅት መመሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ ወሎ የሚደረገው የቡድን ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ መልኩ አንድ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተሰብስቦ አውቶቡስ መሳፈር፣ እንጀራውንም ወጡንም፣ ውሃውንም ለስላሳውንም ከቤት ጭኖ መሄድ፣ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ሐይቅ እስጢፋኖስን፣ ግሸንንና ላሊበላን አዳርሶ ወገብን እያሹ መመለስ። ገንዘቡ ለአውቶቡሱ ባለቤት፣ ለነዳጅ ማደያና ለአዲስ አበባ ሱቆች ተከፍሎ ያልቃል። ለወሎ የሚተርፈው አቧራው፣ ፌስታሉና ባዶው ሃይላንድ ነው።

ጉዞውን ሌላ መልክ ለማስያዝ የግድ ተጨማሪ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ቀደም ብሎ መቀመጥ ይበቃል። የጉዞ ኮሚቴው «የት እናድራለን?» ብሎ ሲነጋገር «ገንዘባችንስ የት ያድራል?» የሚለውን ይጨምርበት። አንድ ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ አዲስ አበባ የሚቀር፣ ደሴ ወይም ላሊበላ ከተማ የሚቀር፣ የምንሄድበት መንደር የሚቀር። እያንዳንዱን ወጪ ከሦስቱ በአንዱ ሥር ጻፉ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ዕቅዱ ገና አልተሠራም ማለት ነው። የተራራውን ደን፣ ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን ጠብቆ የሚያቆየው እዚያው የሚኖረው ገበሬ ነው። ከእንግዳው የሚደርሰው ነገር ከሌለ ከብቱን ጥብቅ ቦታ ውስጥ አሰማራ ብሎ መውቀስ አይቻልም።

1. ቦታ ቀንሱ

ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ ወልድያ ሌላ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ላሊበላ ለመድረስ ደግሞ ከወልድያ ወደ ምዕራብ ዳገቱን ወጥቶ በጋሸና መታጠፍ ነው። ይህን ሁሉ በሦስት ቀን የሚያዳርስ ሰው ያየው ነገር ቢኖር የአውቶቡሱን መስኮት ነው። ለማደርም፣ ለመብላትም፣ ከሰው ጋር ለመጫወትም ጊዜ ስለማይኖረው በየመንደሩ አንድ ብር ሳያወጣ ያልፋል። ነዳጁን ግን ያነደዋል።

ስለዚህ አንድ አቅጣጫ ምረጡ። አምስት ቀን ያለው ቡድን ከሚከተሉት አንዱን ብቻ ይያዝ፦

የደሴ ዙሪያ። ደሴ ሁለት ሌሊት፣ ሐይቅ አንድ ሌሊት፣ ከዚያ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ባቲ። የባቲ ገበያ ሰኞ ስለሆነ ቀኑን ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። እሑድ በመንገድ ላይ የምትሆኑ ከሆነ የሰንበቴ ገበያም አለ።

ላስታ። ላሊበላን መኖሪያ አድርጎ አንድ ቀን አሸተን ማርያም፣ አንድ ቀን ይምርሐነ ክርስቶስ። ጉልበቱና ልብሱ ላለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ።

መቄት። በገደሉ አፋፍ ከመንደር መንደር የእግር ጉዞ። ከሦስቱ የመንደሩን ዓምድ በደንብ የሚሞላው ይህ ነው።

ደን የሚወድ ደግሞ በደቡብ ወሎ ከመካነ ሰላም ተነስቶ የቦረና ሳይንትን ብሔራዊ ፓርክ ይይ፤ ጥቂት ሰው ስለሚሄድበት ዝግጅቱ ረዘም ይላል። «እግረ መንገዳችንን መቅደላንም ብንጨምር» የሚል የኮሚቴ አባል አይጠፋም። ይሸነፍ። መቅደላ ለብቻው ጉዞ ነው።

2. ወቅቱን ከገበሬውና ከበዓሉ ጋር አስታርቁ

ላሊበላ በገና፣ ግሸን መስከረም 21 ቀን በሕዝብ ይጥለቀለቃሉ። በላሊበላ የገና በዓል ከቅዱስ ላሊበላ ልደት ጋር አብሮ ይከበራል፤ ምእመኑ በእግሩ ቀናት ተጉዞ ይመጣል፣ ሜዳው ሁሉ ድንኳን ይሆናል። በዚያ ሰሞን ውሃውም አልጋውም መጸዳጃውም ከአቅም በላይ ይጨናነቃል። ለመሳለም የምትሄዱ ከሆነ ማንም አያስቀራችሁም፤ ቦታው የእናንተው ነው። ለማየትና ፎቶግራፍ ለማንሳት ከሆነ ግን አልጋውን ለምእመኑ ልቀቁለትና በጥር መጨረሻ ወይም በጥቅምት ሂዱ። ባለ ሆቴሉም አስጎብኚውም እንግዳ የሚናፍቀው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። በበዓል ሰሞን የከፈላችሁት ገንዘብ ዋጋ ያስወድዳል፤ ከበዓል ውጭ የከፈላችሁት ቤት ያኖራል።

ኅዳርና ታኅሣሥ አየሩ ጥሩ ነው፤ ሌሊቱ ግን በደጋው ውርጭ ነው። ይህ ወቅት የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ስለሆነ በቅሎ የሚያከራየው ሰው ከማሳው ተጠርቶ እንደሚመጣ እወቁ፤ ዋጋው ቢጨምር አትደነቁ። የወሎ ደጋ ከክረምቱ ሌላ በበልግ ዝናብም ስለሚያርስ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ መሬቱ ተዘርቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ባዶ መስሎ የሚታይ እርሻ ውስጥ አቋርጦ መሄድ ቡቃያ መርገጥ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የእግር መንገዱ ጭቃ ነው፤ በተራራው ላይ የሚረገጠው ለምለም ሣርም በሚቀጥለው ዝናብ ቦይ ሆኖ ይቀራል። የገበሬው ጎተራ የሚጎድለውም በዚሁ ወቅት ነው፤ በእንግድነት ሄዶ ድግስ የሚጠበቅበት ጊዜ አይደለም።

3. መንገዱን ጠይቁ፣ ቀብዱን አትመልሱ

ወሎ ኮሮና ጎብኚውን ካስቀረበት በኋላ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነት አይቷል። ላሊበላም፣ ደሴም፣ ኮምቦልቻም በዚያ ውስጥ አልፈዋል። ከዚያ ወዲህም መንገድ የሚዘጋበትና ስልክ የሚቋረጥበት ጊዜ ስላለ ሰላሙን ሳይጠይቁ መነሳት ለራስም ለሚቀበለውም ሰው አደጋ ነው።

ሦስት ሰው ጠይቁ፦ የሚቀበላችሁን፣ በዚያው ሳምንት በመስመሩ የተመላለሰ ሹፌርና የዞኑን የባህልና ቱሪዝም መምሪያ። አጠያየቁ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለወራት እንግዳ ያላየ ሰው «ሰላም ነው?» ሲባል «ሰላም ነው፣ ኑ» ማለቱ አይፈረድበትም። «እርስዎ በዚህ ሳምንት ወደ ወልድያ ሄደዋል? በስንት ሰዓት ደረሱ? ማታ ማታ ትራንስፖርት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ራሱ ይነግራችኋል።

ጉዞው ከተሰረዘ ቀብዱን መልሱልን አትበሉ። ያ ገንዘብ ጤፍና ሽሮ ሆኖ ይሆናል። ቀኑን አዛውሩና ቀብዱ ለሚቀጥለው ጊዜ ይያዝ። ይህን ውል መጀመሪያውኑ በስልክም ቢሆን ተነጋገሩበት፤ በኋላ ከመካሰስ ያድናል።

4. መኪናውን ሙሉ

አካባቢን ከሚጎዱት ነገሮች ትልቁ መጓጓዣው ነው። 12 ሰው በሦስት ላንድክሩዘር ከሚሄድ በአንድ ሚኒባስ ቢሄድ የነዳጁ ልዩነት ግልጽ ነው፤ ሦስት አራት ሰው ከሆናችሁ ደግሞ ከመናኸሪያ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ያዙ። መኪናው እናንተ ብትሄዱም ባትሄዱም ይሄዳል። ወደ ላሊበላ በአውሮፕላን በአንድ ሰዓት ገደማ ይደረሳል፤ ጊዜ የሌለው ወይም ጉልበት ያነሰው ሰው ቢሄድበት አይፈረድበትም። ቢያንስ አንዱን ጉዞ በየብስ አድርጉት። በጣርማ በር ወርዶ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ የሚያልፈውን መንገድ ያላየ ሰው ወሎ ከየት እንደሚጀምር አይገባውም።

ኪራይ ከሆነ የሹፌሩ አልጋና ምግብ በግልጽ ይታሰብ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አበል ያልተሰጠው ሹፌር ኮሚሽን ወደሚከፍለው ሆቴልና ሱቅ ይወስዳችኋል፣ ኮሚሽኑም በእናንተ ሂሳብ ላይ ይጨመራል። በደንብ ከፍላችሁት «የምንበላበትንና የምንገዛበትን እኛ እንመርጣለን» በሉት። በየእረፍቱ ሞተር እንዲያጠፋም ንገሩት።

ከደረሳችሁ በኋላ በእግር። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እርስ በርስ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው፤ ዳገቱ ለከበዳቸው ባጃጅ አለ፣ የባጃጁም ልጅ የከተማው ልጅ ነው።

5. ማደሪያና አስጎብኚ

በመቄት በ1990ዎቹ አጋማሽ «ተስፋ» በሚል ስም የተጀመረው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ለብዙ ቦታ አርአያ ሆኗል። አሠራሩ ቀላል ነው። የመንደሩ ሰዎች በገደሉ አፋፍ ላይ ጥቂት ጎጆዎች ሠርተው በኮሚቴ ያስተዳድራሉ። ምግብ የምታበስለዋ፣ ዘበኛው፣ ጓዝ በአህያ የሚያጓጉዘው ሁሉ የዚያው መንደር ሰው ነው። እንግዳው ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል፤ ከሚከፍለው ለሠራተኛው የሚደርሰው ይደርሰውና የተረፈው ለመንደሩ የጋራ ጥቅም ይውላል። ከመቋት ማርያም አፋፍ ቆሞ ወደ ታች የሚታየውን ገደልና በሣሩ ላይ ተቀምጦ የሚግጠውን የጭላዳ መንጋ ለማየት ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልግም። በጦርነቱ ጊዜ የተጎዱ ማደሪያዎች ስላሉ የትኛው መንደር በዚያ ወር እንግዳ እንደሚቀበል ደውላችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ ቀን ቁረጡ።

ወደ ሌላ ማደሪያ የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ በስልክ የምትጠይቋቸው አምስት ነገሮች እነሆ።

ባለቤቱ የት ነው የሚኖረው? ሠራተኞቹ ከየት ናቸው? እነዚህ ሁለቱ የገንዘቡን መንገድ ያሳያሉ።

ውሃው ከየት ይመጣል? በቦቴ የሚመጣ ወይም ከመንደሩ ቦኖ የሚቀዳ ከሆነ በየቀኑ መታጠብ በጀሪካን ከምትሰለፈው እናት መውሰድ ነው። ለአራት ቀን አንድ ጊዜ ሙሉ ገላ፣ በሌላው ቀን ፊትና እግር ይበቃል።

ሙቅ ውሃው በምን ይሞቃል? በፀሐይ ወይም በኤሌክትሪክ ከሆነ ጥሩ። በእንጨት ከሆነ ምን እንጨት እንደሆነ ጠይቁ፤ ባሕር ዛፍ ከጥድና ከወይራ ይሻላል። የማታ እሳት ለጨዋታ የሚነድድ ከሆነ ለአሥር ሰው አንድ እሳት በቂ ነው።

ቆሻሻው የት ይጣላል? «እናቃጥለዋለን» ካሏችሁ ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

አስጎብኚን በተመለከተ ላሊበላ ውስጥ የታወቁ የአካባቢው አስጎብኚዎች ማኅበር አላቸው፤ መታወቂያ ያለውን ያዙ። «ታሪኩን እናውቀዋለን፣ አስጎብኚ አያስፈልገንም» የሚል አበሻ ብዙ ነው። አስጎብኚው ቆሞ የሚያብራራው ነገር ከምታውቁት ሦስት እጥፍ እንደሚሆን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ታያላችሁ። ሂሳቡን በሰዓት ሳይሆን በቀን ተነጋገሩ፤ ጊዜው የተጨናነቀበት አስጎብኚ እናንተንም ያጣድፋል።

6. ስንቅ፣ ውሃና ቆሻሻ

ስንቅ ይዞ መሄድ ቁጠባ ይመስላል። የሃያ ሰው ምግብ ግን ደሴ ላይ ለአንዲት ምግብ ቤት የሳምንት ሥራ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ደውላችሁ የሰውን ቁጥርና የምትበሉትን ተነጋገሩ። ሳይነገራቸው ሃያ ሰው ገብቶ «ምን አለ?» ሲል ምግቡ ወይ ያልቃል ወይ ይተርፋል፤ ሁለቱም ብክነት ነው።

የጾሙን ነገር አስቡ። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምና ሌሎቹ አጽዋማት በላስታ የሚቀለድባቸው አይደሉም፤ ረመዳን በደቡብ ወሎና በባቲ በኩል የቀኑን ገበያ ይለውጠዋል። ወሎ ውስጥ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። ምግብ ቤቱ በር ላይ የተሣለውን መስቀል ወይም ጨረቃ ተመልከቱ። ቡድናችሁ የተቀላቀለ ከሆነ ክርክር ሳይነሳ የጾም በያይነቱ እዘዙ፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ለአካባቢም ከሥጋው የቀለለ ነው። ሐይቅ ደርሶ አሣ ሳይበሉ መመለስ ደግሞ አይመከርም።

ውሃው ላይ ትንሽ ስሌት እንሥራ። 20 ሰው በቀን ሁለት ሊትር ቢጠጣ በአራት ቀን 160 ሊትር ነው፤ ባለ አንድ ሊትር 160 ሃይላንድ ማለት። ያንኑ ውሃ ባለ 20 ሊትር ስምንት ጀሪካን ይችለዋል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኮዳ ይያዝ፤ ጀሪካኑ በየከተማው የተጣራ ውሃ ይሞላ። የቧንቧ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ ያዙ። ማፍላት ጥሩ ቢሆንም በገጠር ቤት የሚፈላ ውሃ ሁሉ የማገዶ እንጨት ይበላል፤ ማገዶውን ተሸክማ የምትመጣው ደግሞ ሴት ናት።

ለቆሻሻ ሁለት ባዶ ማዳበሪያ ከአውቶቡሱ በር አጠገብ ስቀሉ፤ አንዱ ለፕላስቲክ፣ ሌላው ለቀረው። በገጠሩ ቆሻሻ የሚሰበስብ መኪና አይመጣም፤ ጥላችሁት የሄዳችሁት ወይ ይቃጠላል ወይ በዝናብ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ባዶውን ሃይላንድ አዲስ አበባ ስትደርሱ ቆራሌው ይወስደዋል። የሕፃን ዳይፐር፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ እርጥብ መጥረጊያና የባትሪ ድንጋይ በመንደር ጉድጓድ ውስጥ አይጣሉ። የብርቱካንና የሙዝ ልጣጭ «ይበሰብሳል» ተብሎ በየሜዳው የሚጣለው ነገርም ይቅር፤ ጭላዳው ሣር በሊታ ነው፣ የሰው ምግብ ከለመደ ማሳና ቤት ይዘርፋል፣ ከዚያም በድንጋይ ይባረራል።

ሐይቅ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር። የሐይቅ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባበት ሳሙናና ዘይት እዚያው ይቀራል። መኪና በሐይቁ ዳር አይታጠብ፣ ልብስም እንዲሁ። መዋኘት የፈለገ ሳሙናውን ሆቴል ትቶ ይሂድ።

7. ቦታው ላይ ስትደርሱ

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። 11ዱም የተፈለፈሉበት ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ለስላሳ ዓለት ነው፤ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁ ይሰነጥቁታል። በ2000 ዓ.ም. በአንዳንዶቹ ላይ የተተከሉት አራት ትላልቅ መጠለያዎችም ለዚሁ የታሰቡ ነበሩ፤ ራሳቸው መጠለያዎቹ ደግሞ ሌላ ስጋት ሆነው ብዙ ሲያነጋግሩ ቆይተዋል። ከእናንተ የሚጠበቀው ቀላል ነው፦ ግድግዳውን በእጅ አለመደገፍ፣ ስም አለመቧጠጥ፣ ለፎቶግራፍ ሲባል በቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ አፋፍ ላይ አለመቆም፣ ውስጥ የፍላሽ መብራት አለማብራት። ቄሱ መስቀሉን ይዘው እንዲቆሙ ቡድኑ አንድ ጊዜ ይጠይቅ፣ አንድ ሰው ያንሳና ለሁሉም ያካፍል። አባ ሃያ ጊዜ እንዲቆሙ ማድረግ ነውር ነው። ጫማችሁን የሚጠብቁት ሰዎች ቀኑን ሙሉ ጠጠር ላይ ተቀምጠው የሚውሉ ናቸው፤ ዝርዝር ብር ከባንክ አስቀድማችሁ ያዙ።

ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት ንብርብር የተሠራ ነው፤ ከላሊበላዎቹ ይቀድማል። ዙሪያውን የከበበው የጥድ ደን ብቻውን የጉዞውን ድካም ያስረሳል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያረፈውን የሰዎች አጽም ግን ፎቶግራፍ አታንሱ። ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ገዳም፣ ሴት አይገባበትም። ይህን በር ላይ ከመስማት አዲስ አበባ ላይ ተነጋግራችሁ ለቡድኑ ሴቶች በሐይቁ ዳር ጀልባ ወይም ሌላ ነገር አዘጋጁ። ወንዶቹ ሁለት ሰዓት ሲቆዩ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው የሚጠብቁበት ጉዞ አይደገም።

በቅሎ ለመከራየት ስትስማሙ ከዋጋው በፊት በቅሎዋን እዩ። ባለቤቱን ኮርቻውን እንዲያነሳ ጠይቁትና ከኮርቻው ሥር ያለውን ጀርባዋን ተመልከቱ። ፀጉሩ ተገሽልጦ ሮዝ የሆነ፣ ቅባት የተቀባ ወይም ዝንብ የሚሰፍርበት ቁስል ካለ ሌላ በቅሎ አምጣ በሉት፤ ምክንያቱንም ንገሩት። የሆዷ መቀነት ቆዳውን እንዳልበላው፣ እግሯ እንደማያነክስ አይታችሁ ውጡ። ቁስል የሌላት በቅሎ ይበልጥ እንደምትከራይ ባለቤቶቹ ሲያዩ ያሳርፏታል። ወደ አሸተን ማርያም በሚወጣው ጭንቅ ዳገት ላይ ደግሞ ወርዳችሁ በእግር ሂዱ፤ አዛውንቶቹ ከነዱላቸው በእግራቸው እየወጡ እናንተ ልታፍሩ ይገባል።

አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። በጉዋሳ ሣሩና በጅብራ ተክሉ መካከል ፍልፈልና አይጥ እያደነ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ብቻ ያለ ሲሆን የቀሩት አዋቂዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ትልቁ ጠላቱ ከቤት ውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ውሻ ይዛችሁ አትውጡ፣ የሚከተላችሁን የመንደር ውሻም ትራፊ እየጣላችሁ ወደ ላይ አታስከትሉት። ቀበሮውን ካያችሁ ቁሙ። አትከተሉት፤ እስከፈለገው ድረስ ያድን።

በደቡብ ወሎ በኩል የዱአና የመንዙማ ቦታዎችን፣ እንደ ጀማ ንጉሥ ያሉትን፣ ልትጎበኙ የምትችሉት የቦታው ሰው ይዟችሁ ሲገባ ነው። ጫማ ወልቆ፣ ልብስ ረዘም ብሎ፣ ስልክ ጠፍቶ ይገባል። ሼኹ እስኪመርቁ ተቀመጡ። ቡና ከቀረበ አቦሉን ጠጥቶ መነሳት ነውር ነው፤ ቶናውንም በረካውንም ጠብቁ። እንግዳ ሆኖ የሚሄድ ሰው ቡናና ስኳር ይዞ ይገባል፤ ብር በእጅ ከመስጠት ይህ ያምራል።

ግሸን ለሚወጣ አንድ ነገር ብቻ፦ ተሸክማችሁ የወጣችሁትን ሁሉ ተሸክማችሁ ውረዱ። አምባው ላይ የሚቀረውን ቆሻሻ የሚያወርደው መኪና የለም።

8. ግዢና ስጦታ

ባቲ ላይ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ይገናኛሉ። በማለዳ ድረሱ፣ መጀመሪያ ግዙ፣ ከዚያ ፎቶግራፍ ጠይቁ። ገዛችሁም አልገዛችሁም ሰውን ሳይጠይቁ ማንሳት የለም። ዋጋ መከራከር የገበያው ወግ ነው፤ ሸማኔውን ወይም ሸክላ ሠሪዋን ግን ከድካማቸው በታች እስኪሸጡ ድረስ አትጨቃጨቁ። የላስታ ማር የምትገዙ የራሳችሁን ዕቃ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።

አሮጌ መስቀል፣ ብራና፣ የቆየ ሥዕል «ከአያቴ የወረስኩት ነው» ብሎ በጉያው የሚያሳያችሁ ሰው ካለ አትግዙ። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላው ቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው የአፍሮ አይገባ መስቀል ቤልጂየም ውስጥ ከአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ ነው የተመለሰው። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. የተዘረፈው ደግሞ አብዛኛው እስካሁን ውጭ ነው። ገዥ ከሌለ ሌባ የለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል፤ ከውጭ ለመጡ ዘመዶቻችሁ ይህን ንገሯቸው። አዲስ የተቀረጸ መስቀል ግዙ፤ ሠሪው እዚያው አለ።

ልጆች ይከተሏችኋል። እስክሪብቶ፣ ከረሜላ፣ ብር አትስጧቸው፤ ከመንገድ የሚገኘው ብር ከበዛ ክፍሉ ባዶ ይሆናል። ደብተር መስጠት ከፈለጋችሁ ርእሰ መምህሩን አግኝታችሁ ምን እንደጎደለ ጠይቁና ደሴ ወይም ወልድያ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገዝታችሁ በትምህርት ቤቱ ስም በደረሰኝ አስረክቡ። ለአብያተ ክርስቲያናትም እንዲሁ፤ ሙዳየ ምጽዋት አለ፣ ደረሰኝ አለ። «ለድሆች አከፋፍልላችኋለሁ» የሚል መንገደኛ አማላጅ አያስፈልጋችሁም።

9. ከተመለሳችሁ በኋላ

በሳምንት ውስጥ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሦስቱን ዓምድ በእርግጠኛው ወጪ ይሙላ። የመንደሩ ዓምድ ከታሰበው ካነሰ የት እንደፈሰሰ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምሳው ሂሳብ ወይም የኮሚሽኑ ነገር ሆኖ ታገኙታላችሁ። የተገባ ቃል ካለ ጻፉት፤ «ፎቶግራፉን እልክልዎታለሁ» ተብሎ የቀረ ቃል ወሎ ውስጥ በየቤቱ አለ። ፎቶግራፉን አሳትማችሁ በስሙ ፖስታ ውስጥ አድርጉና በመስመሩ በሚመላለስ ሹፌር ላኩ፤ ስልክ ለሌላቸው እማማ በቴሌግራም መላክ ምን ይጠቅማል?

አስጎብኚው ወይም ማደሪያው ያጎደለው ነገር ካለ በአደባባይ ከማጥላላታችሁ በፊት ለማኅበሩ ወይም ለመንደሩ ኮሚቴ ደውላችሁ ንገሩ፤ ጥሩ የሠራውንም በስሙ ጠርታችሁ አመስግኑ። ከዚያ የምግብ ቤቷን፣ የበቅሎ ባለቤቱንና የአስጎብኚውን ስልክ እነሱን አስፈቅዳችሁ ለሚቀጥለው ቡድን አስተላልፉ፤ የሄዳችሁበትን ወርና በመንገዱ ላይ ውሃ የሞላችሁባቸውን ቦታዎችም አብራችሁ ጻፉላቸው።